በሚካኤል ቀን የማይዘንብበት አገር

የልጅ ልጄ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። ባለፈው ሰሞን ሳሎን ተቀምጦ ከሥራ ባልደረባው ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ሰማሁት። «ያልተሞላውን ዜሮ ብለህ አትሙላው አላልኩህም? ሁለቱ እኮ አንድ ዓይነት አይደሉም!» ይላል ደጋግሞ። ስልኩን ሲዘጋ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ሊያስረዳኝ ጀመረና መሀል ላይ ሰለቸው። «ተዪው እማማ፣ በእናንተ ዘመን እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም» አለኝ። ተናደድኩ። ይህን ጣጣ እኔ የተማርኩት እሱ ቀርቶ እናቱም ሳትወለድ ነው፤ የተማርኩትም አባቴን አዋርጄ ነው። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ደብተር አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ አንኮበር ነበርን። አባቴ የሚካኤል ደብር መሪጌታ ነበሩ። ከተማው ግን «የኔታ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ግማሹ ሰው ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነዋ። እኔ ደብረ ብርሃን ተምሬ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ወደ ቤት ተመልሻለሁ። ሦስተኛ ክፍል ሒሳብና ጽሕፈት አስተምራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዬ የማላውቀው ነገር አለ ብዬ አላምንም ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ፣ የአየሩን ጠባይ ከሚመዘግብ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ሰው በተከራያት በቅሎ መጣ። መኪናው ከደብረ ብርሃን ሲወጣ ጭቃ ይዞት ቀርቷል። ሰውየው የሚፈልገው ጽሕፈት የሚችል፣ መንገድ የማያበዛ፣ ዛፍ የማያጠላበት ግቢ ያለው ሰው ነበር። የጠየቀው ሁሉ ወደ አባቴ ጠቆመው። በሁለተኛው ቀን ግቢያችን ውስጥ ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ የቆርቆሮ ሲሊንደር ተተክሎ አደረ። አፉ ላይ ዝናቡን ወደ ውስጥ የሚመራ ማንቆርቆሪያ አለው፤ ውስጡ ጠርሙስ አለ። አብሮት ደግሞ መስመር የተሰመረበት ቀጭን ብርጭቆ መጣ። ሥራው ይኸው ነው፦ በየቀኑ ጧት በሦስት ሰዓት ጠርሙሱ ያጠራቀመውን ውሃ ወደ ብርጭቆው መገልበጥ፣ መስመሩን ማንበብ፣ መጻፍ፣ ውሃውን መድፋት።

እናቴ መለኪያውን ጠምዳ ያዘችው፤ የተተከለው በርበሬ የምታሰጣበት ቦታ ላይ ነው። «የምድሩን ሰፍረው ሲጨርሱ ደግሞ የሰማዩን ሊሰፍሩ መጡ» እያለች ባለፈች ባገደመች ቁጥር ታጉረመርም ነበር። አባቴ ግን እንደ ንዋየ ቅድሳት አከበሩት። ዙሪያውን አጠሩለት፤ ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ሰውየው ሊሄድ ሲል «በየቀኑ ይጽፋሉ አይደል?» አላቸው። «ያየሁትን እጽፋለሁ» አሉት። ሰውየው ሁለቱ አንድ ነገር መስሎት እጃቸውን ጨብጦ ሄደ።

አባቴ ያገለገለ የተማሪ ደብተር አገላብጠው ለዚህ ሥራ መደቡት፤ በየቀኑ አንድ መስመር። ውሃ ካለ ቁጥሩን ይጽፋሉ። ብርጭቆው ደረቅ ከሆነ ዜሮ ይጽፋሉ። አንኮበር ግን የጉም አገር ነው፤ ከቆላው እየተነሣ ሽቅብ ሲመጣ አጥሩም ጣሪያውም ይረጥባል፣ ማንቆርቆሪያውም ያልበዋል፣ ውሃው ግን የብርጭቆውን የመጀመሪያ መስመር አይነካም። ለዚያ «እርጥብ» ብለው ይጽፋሉ። ሰውየውም ይህን አስተምሯቸው ነበር፤ ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው፣ እርጥብ ማለት ግን ትንሽ አለ ግን አይለካም ማለት ነው ብሎ።

አራተኛው ዓይነት ሰውየው ያላስተማራቸው፣ ከራሳቸው ያወጡት ነው። በወር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፤ በእነዚህ ሁለት ቀኖች አባቴ ከሌሊት ጀምሮ ማኅሌት ላይ ናቸው። ቅዳሴው ቢያልቅም ጠበል ጻድቁ አለ፣ ማኅበሩ አለ፤ ቤት የሚመለሱት ከቀትር በኋላ ነው። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ኩታቸውን እየሰበሰቡ ለሦስት ሰዓት ይደርሱ ነበር፤ በእነዚህ ሁለት ቀኖች ግን አይሆንም። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ፤ ከቀትር በኋላ ለክቶ የጧት ነው ማለት አይቻልም ይላሉ። ስለዚህ የዚያን ቀን መስመር ባዶውን ይተዉታል። በማግስቱ የሚያገኙት ውሃ የሁለት ቀን ስለሆነ ቁጥሩን ጽፈው ከባዶው መስመር ጋር በቅስት ያያይዙታል፤ ቅስቱ «የሁለታችሁም ነው» ማለቱ ነው።

ነገሩ የጽሕፈት ብቻ አልነበረም፤ በአፋቸውም እንዲሁ ነበሩ። ከአልዩ አምባ ጨውና ጨርቅ ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች ወደ ቆላ ከመመለሳቸው በፊት በደጃችን ያልፉ ነበር፤ ደጋው ላይ ከዘነበ ታች ወንዙ እንደሚሞላ ያውቃሉና። አንዴ በሚካኤል ማግስት አንድ ሽማግሌ ነጋዴ በቅሎውን አቁሞ ጠየቃቸው።

«የኔታ፣ ትናንት ጧት እዚህ ምን ያህል ጥሎ ነበር?»

«አላየሁም» አሉት።

«ኧረ ወላሂ የኔታ! እኛ ዳገቱን ስንወጣ እስከ አጥንታችን በስብሰናል እኮ!»

«እናንተ በስብሳችኋል፤ እኔ ግን አልለካሁም» አሉት። ሰውየው እየሳቀ ሄደ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አፈርኩባቸው። አንድ ከተማ ሙሉ ያየውን ዝናብ አላየሁም ማለት ግትርነት መሰለኝ።

የኔ ድርሻ የወር መጨረሻው ሥራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የላከው ቅጽ በፈረንጅ አቆጣጠር የታተመ ነው፤ አባቴ ደግሞ በእኛ ይጽፋሉ። ቀኑን ቀን በቀን እያመሳሰልኩ፣ ከደብተሩ ወደ ቅጹ እየገለበጥኩ፣ በካርቦን አንድ ቅጂ አስቀርቼ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ሰው እሰጣለሁ። በእጅ ጽሕፈቴ እኮራ ነበር። ቅጹ ሠላሳ አንድ ሳጥን አለው፤ ሠላሳውን ሞልቼ አንዱ ባዶ ሲቀር ጥርሱ የወለቀ አፍ ያየሁ ይመስለኝና እጄን ያሳክከኛል።

በመጀመሪያው ወር አባቴ ባዶ በተዉት በ12ኛውና በ21ኛው መስመር ላይ ስደርስ ብዙም አላሰብኩበትም። ክፍሌ ውስጥ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ቢዘለው የሚያገኘው ዜሮ ነው። ባዶ ማለት ዜሮ ነው፤ ለሦስተኛ ክፍል እንኳ ግልጽ ነው። ሁለት ቆንጆ ዜሮ ጻፍኩ። ለቅስቱ ደግሞ ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው ተውኩት። የሁለቱን ቀን ውሃ የማግስቱ ብቻ አድርጌ ላክሁ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ልደብቃቸው ፈልጌ እንኳ አይደለም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። እንዲሁ እያደረግሁ አምስት ዓመት ሄደ።

በአምስተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። የመጣው በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል ስለሆነ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጸሐፊው አንብቦታል፤ ከጸሐፊው ደግሞ ጠጅ ቤቱ ሰምቶታል። የአባቴ ዓይን ለደቃቅ ጽሑፍ ደከም ማለት ጀምሮ ስለነበር አቀበሉኝና «እስኪ አንብቢልኝ» አሉ።

አስቀድሜ በልቤ አነበብኩት። ደብዳቤው የሚለው እንዲህ ነው፦ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንዱ የአንኮበርን ቅጾች ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ ቢያያቸው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በወር በ12 እና በ21 ቀን አንድም ጊዜ ዝናብ ዘንቦ አያውቅም። በእነዚያው ቀኖች ደብረ ብርሃን ላይ ዘንቧል። ስለዚህ መዝጋቢው በበዓል ቀን ሳይለካ የለካ አስመስሎ ይጽፋል ማለት ነው፤ በበዓል የዋሸ ሰው በሌላውም ቀን ስለማይታመን የአምስቱ ዓመት መዝገብ በሙሉ ሊሰረዝ፣ መለኪያውም ሊነቀል ታስቧል። ከዚያ በፊት ተቆጣጣሪ መጥቶ ያጣራል።

እኔ ለአባቴ ያነበብኩላቸው ግን «በአንዳንድ ቀኖች ላይ ጥርጣሬ ስላለ ተቆጣጣሪ ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነው። ውሸት የሚለውን ቃል ዘለልኩት። በ12 እና በ21 የሚለውንም ዘለልኩ። በጣም በፍጥነት አነበብኩ።

«ይምጣ» አሉ። «ጥሩ ነው፤ መጠራጠርም ሥራው ነው።»

በዚያ ሰሞን ሁለት ወንድማማቾች በባቄላ ማሳ ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ተቀምጦላቸው ነበር። አባታቸው የድንበሩን ድንጋይ ሲተክል አባቴ ቆመው አይተዋል፤ ስለዚህ ሰኞ ማሳው ላይ ሄደው ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ እንዲያመለክቱ ሁለቱም ወንድማማቾች ተስማምተዋል። አባቴ በዚህ ዓይነት ነገር የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሀብት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው «የኔታ ካሉ አበቃ» የሚለው የሰው አፍ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ታናሽየው ወንድም መጣ። አልቀመጥም ብሎ እደጃፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

«የኔታ፣ ብርዱም ጠንክሯል፤ ማሳውም ሩቅ ነው። እርስዎ ይረፉ ብለናል። ሌላ ሰው አይጠፋም።»

«ማነው ብለናል ያለው?» አሉት አባቴ።

«ወንድሜም፣ ሽማግሎቹም… ለእርስዎው አስበን ነው።»

«ደግ» አሉት። ልጁ ከሄደ በኋላ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ደብዳቤ ሌላ ነገር ነበረው?»

«ያነበብኩልዎ ነው፣ አባባ» አልኩ። በሕይወቴ አባቴን ፊት ለፊት የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የዋሸሁትም ውሸታም የተባሉት በእኔ እጅ ሆኖ ሳለ ነው።

የቀረውን ወሬ ሌላ ሰው ነገራቸው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁሉን ሰምተው ነበር፤ በ12 እና በ21 የሚለውንም፣ ውሸት የሚለውንም። የሚገርመው አልተቆጡም፤ እንዲያውም ቀለል ብሏቸው መጡ። «አሁን ገባኝ» አሉ። «እኔ ባዶ የተውኩትን እነሱ አይተው ሳይዘንብ ነው ብለው አንብበውታል። ጥፋቱ የአነባበብ ነው። ተቆጣጣሪው ረቡዕ ሲመጣ ደብተሬን አሳየዋለሁ፤ ሽማግሎቹም ተቀምጠው ይስሙ። ደብተሮቹን አውጥተሽ አዘጋጂልኝ።» ደብዳቤውን ለምን ቆርጬ እንዳነበብኩላቸው እንኳ አልጠየቁኝም። እንዳይከፋቸው ብዬ መስሏቸው መሆን አለበት። ይኼ ከሁሉ ይልቅ አንገበገበኝ።

ደብተሮቹ በእኔ ሳጥን ውስጥ ነበሩ፤ የቅጾቹ የካርቦን ቅጂም እዚያው ነበር። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ክፍሌን ዘግቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት አይጥ በልቶታል ልበል ብዬ ነው። ደብተሩ ከጠፋ ነገሩ አይጣራም። አባቴ ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ተብለው በዝምታ ይሰናበታሉ፤ እኔም ከነጽሕፈቴ እከበራለሁ። ይህን ሳስብ እጄ ደብተሮቹ ላይ ነበር።

ከዚያ ለራሴ መከራከር ጀመርኩ። ምን አጠፋሁ? ባዶና ዜሮ ምን ልዩነት አላቸው? በሁለቱም ቀን የተመዘገበ ውሃ የለም። አባባ ግትር ባይሆኑ እኔን ለኪ ብለው ቢያዙኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። መሥሪያ ቤቱስ ለቅስት የሚሆን ቦታ ያለው ቅጽ ቢልክ ምን ነበረበት? እየተናደድኩ ደብተሩንና ካርቦኑን ጎን ለጎን አድርጌ ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ጥፋቴ ከወር ሁለት ሳጥን እንደማይበልጥ ለማየት ነው።

የሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ደብተሩ ላይ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ባዶ ነው። ሰባት ባዶ መስመር፣ በላዩ ቁጥር የለ፣ ዜሮ የለ፣ እርጥብ የለ። ካርቦኑ ላይ ደግሞ በእኔ ቆንጆ ጽሕፈት፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ፣ ሰባት ዜሮ ተደርድሯል።

ሐምሌ ሦስት እናቴ የተቀበረችበት ቀን ነው።

ያን ዕለት ሰማዩ ተቀዶ ነበር። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ቆፋሪዎቹ በቅል እየቀዱ ሲያወጡ ቆመን ጠብቀናል። የቀሚሴ ጫፍ በጭቃ ከብዶኝ ሁለት ሴቶች ደግፈው ነው ያስኬዱኝ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። በወሩ መጨረሻ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ቀኑን በፈረንጅ ቆጥሬ፣ ዜሮ ብዬ ጽፌያለሁ። ስጽፍ የየትኛው ቀን እንደሆነ ትዝ አላለኝም። ባዶ ሳጥን ነበር፤ ሞላሁት። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ።

ደብተሮቹን ታቅፌ ወጣሁ። አባቴ የመለኪያውን አጥር እየጠገኑ ነበር። እቆምኩበት ነገርኳቸው፤ ባዶውን ሁሉ ዜሮ እያልኩ የሞላሁት፣ ቅስቱን የጣልኩት፣ ደብዳቤውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። የሐምሌውን ግን አልነገርኳቸውም፤ አፌ እምቢ አለኝ። አባቴ የያዙትን ልጥ መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ለምን?»

«ባዶ ሲሆን ያስጠላል፣ አባባ። ደግሞ ተማሪ ያልመለሰው ዜሮ ነው የሚሰጠው… እኔ…»

«እኔ ተማሪሽ ነበርኩ?»

ወደ ታቀፍኳቸው ደብተሮች እያዩ «ዜሮ ማለት እኮ ሄጄ አየሁ፣ ምንም የለም ማለት ነው» አሉ። «ምስክርነት ነው። አላየሁም ማለት ሌላ ነው። ባላየሁት ነገር አምስት ዓመት ሙሉ አስመሰከርሽኝ።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጡን መልሰው አነሡ። «ነገ ለኔ እንደነገርሽኝ አድርገሽ ለነሱ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ረቡዕ ተቆጣጣሪው መጣ፤ መነጽር ያደረገ፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት። የ12ቱንና የ21ዱን ነገር ያገኘው ራሱ ነበር፤ ሲቀመጥም ሌባ እጅ ከፍንጅ ሊይዝ የመጣ ሰው አቀማመጥ ነበር። ጠረጴዛ ግቢው ውስጥ አወጣን። ሦስቱ ሽማግሎች አግዳሚው ላይ ተደረደሩ፤ የድንበሩ ጉዳይ ሰብሳቢም አለበት። ተቆጣጣሪው ቅጾቹን መዘርጋት ሲጀምር አባቴ በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

ተነሥቼ ተናገርኩ። ሃምሳ ተማሪ ፊት በየቀኑ የማወራው ሰው፣ ፊቴ በርበሬ መስሎ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ዜሮዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ ባዶ ነው የተዉት፣ ደብተሩ ይኸው አልኩ። ተቆጣጣሪው ደብተሩን ተቀብሎ አንዱን ወር ገለጠ፤ ሌላውን ገለጠ፤ በጣቱ ቅስቶቹን ተከተለ። ያገኘው ነገር ሲያመልጠው ፊቱ ላይ ትንሽ ቅሬታ አየሁ። ከዚያ ግን ሳቀ።

«እኔ ደግሞ ሚካኤል ዝናቡን እያቆመላችሁ መስሎኝ ልሳለም ነበር የመጣሁት» አለ።

ሽማግሎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። የድንበሩ ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ የኔታ፣ በዚያች በሰኞዋ ነገር አስቀይመንዎታል። ለሚቀጥለው ሰኞ አዛውረነዋል፤ ማሳው ላይ ይገኙልን» አላቸው። «እገኛለሁ» አሉት። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ስማቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሄዶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተመለሰ። እኔን ማንም አልሰደበኝም፤ ማንም አላየኝም ብል ይሻላል።

ተቆጣጣሪው ቀይ ቀለም አወጣ። መዝገቡ እንዳይሰረዝ ከተፈለገ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ መታረም አለባቸው አለ፤ የሚያርመውም የጻፈው ሰው ነው። ዜሮው ተሰርዞ በምትኩ ሰረዝ ይደረጋል፤ ሰረዝ ማለት አልተለካም ማለት ነው። ለሁለት ቀን ውሃ ደግሞ ቅስቱ ይሰመርና ምክንያቱ በዳር ይጻፋል። እሱ ከደብተሩ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው ያያሉ። ሚካኤል፣ ሰረዝ። ማርያም፣ ሰረዝ። የመጀመሪያው ዓመት አለቀ። ሁለተኛው ዓመት ጀመረ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልን ወደ ክረምቱ ቀረብን።

«ሐምሌ» አለ ተቆጣጣሪው። ቆም አለ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ከሦስት እስከ ዘጠኝ። ሰባት ቀን የሚከበር በዓል አለ እንዴ?»

ሽማግሎቹ ቀና አሉ። ሁሉም ያውቁ ነበር። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አባቴ ሰባቱን ዜሮ አዩአቸው፤ ዓይናቸው የደከመ ቢሆንም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩአቸው። ወደ እኔ አልዞሩም።

«በዓል አይደለም፣ ልጄ» አሉት። «ባለቤቴን የቀበርኩበት ሳምንት ነው።»

ልጁ ደነገጠ። ይቅርታ ጠየቀ። ቶሎ ሊያሳልፈው ፈልጎ «እንግዲያው ሐምሌም አይደል፤ ዘንቧል ብለን በዳሩ እንጻፍና እንለፈው። ማን ይከሰናል?» አለ።

«የቀብሯን ዕለት ዘንቧል» አሉ አባቴ። «ጉድጓዱ ሞልቶ በቅል ሲቀዱ አይቻለሁ። ስንት እንደሆነ አልለካሁም። ከዚያ በኋላ ግን ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ቀና ብዬም ሰማይ አላየሁም።»

ተቆጣጣሪው ግራ ገባው። ዜሮ አይደለም፣ እርጥብ አይደለም፣ ሰረዝ ብቻም አይደለም። በመጨረሻ «ለሐምሌ ሦስት ሰረዝ ያድርጉና በዳሩ ‹ዘንቧል፣ አልተለካም› ብለው ይጻፉ» አለኝ። ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ተንጋዶ ነበር።

አባቴ ያን ጊዜ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ያየሽው አለ?»

«በማግስቱ ዘንቧል» አልኩ። «ዳሱ አፍስሶ የለቀስተኛው መቀመጫ ሁሉ ርሶ ነበር። ሌላ ሣር አምጥቼ አንጥፌያለሁ።»

«ያየሽው ነው?»

«ያየሁት ነው፣ አባባ።»

«ጻፊው።»

ጻፍኩ።

«ከዚያስ?»

ከዚያ ያሉትን አምስት ቀኖች ለማስታወስ ሞከርኩ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳስለቀሰ፣ ማን ምን እንዳለኝ ትዝ ይለኛል። የእናቴ ነጠላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሰማዩ ምን እንደነበር ግን የለም። አባቴ ጠበቁኝ፤ ተቆጣጣሪውም ጠበቀኝ።

«አላየሁም» አልኩ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ራሴን ወደ ኋላ አድርጌ በቀይ ቀለም አምስት ሰረዝ አሰመርኩ።